ነጩ ወይንና አብሮ አደጌ

አንድ ነጭ ወይን ጠጅ አለ፤ ዛሬም ጠርሙሱን ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሳየው ፊቴን አዙሬ ነው የማልፈው። ወይኑ ምንም አላደረገኝም። እንዲያውም እስከዛሬ ከቀመስኳቸው መጠጦች ሁሉ እሱን የሚያህል አላገኘሁም። ፈረንሳይ ውስጥ በርገንዲ በሚባለው አገር አንድ ቤተሰብ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ በገዛ መሬቱ ተክሎ፣ በገዛ እጁ ለቅሞ፣ ከቤቱ ሥር ባለው ምድር ቤት በኦክ እንጨት በርሜል የሚያስተኛው ወይን ነው። የቤተሰቡን ስም አልጠራም፤ እነሱ አልበደሉኝም። የበደለኝን ሰው ስምም አልጠራም፤ ለሱ አዝኜ ሳይሆን እናቱን ስለማከብር ነው።

የበደለኝ አብሮ አደጌ ነው። አዲስ አበባ አንድ አጥር የሚለየን ጎረቤታሞች ነበርን፤ እናቴ ስትጠራኝ እሱም አብሮኝ አቤት ይል ነበር። ወደ ሱዳን አብረን ወጣን፤ ካርቱም አንድ ክፍል ውስጥ አራት ዓመት ኖርን፤ ዳላስ እኔ ቀድሜ ገባሁ፣ በስድስት ወሩ እሱ ተከተለኝ። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ተከራይተን ስንኖር፣ ሰው ሁሉ የአንድ እናት ልጆች እንመስለው ነበር። እኛም አይደለንም ብለን አናስተባብልም።

እኔ መጀመሪያ ፋርመርስ ብራንች በሚባለው ሰፈር ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ካርቶን ስደረድር ቆየሁ። ወገቤ አልችል ሲል ሰሜን ዳላስ ያለ አንድ የፈረንሳይ ምግብ ቤት ሳህን ለማንሳት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ቦት ጫማ የሚያደርግ የቴክሳስ ሰው ነው፤ ፈረንሳይኛ ሰላምታ እንኳ በቅጡ አይችልም፣ ግን ፈረንሳይ የሚሉትን አገር እንደ ታቦት ነበር የሚያየው። ደግ ሰው ነበር፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ነውር ይሆንብኛል።

ወደ ወይን ጠጅ የገባሁት በስህተት ነው። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አስተናጋጅ ቀርቶ ጠርሙስ ከፍቼ እንድቀዳ ታዘዝኩ። ከፈትኩና ምንም ሳላስብ ግራ መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እዚያው እንግዶቹ ፊት ቀመስኩት። እኛ አገር ጠጅ የሚያሳልፍ ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚቀዳው፤ የምሰጥህን እኔም ጠጥቼዋለሁ፣ አትጠራጠር ማለቱ ነው። ዳላሶች እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም። አንዲት ሴትዮ ናፕኪኗን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረች። እኔን ግን ሌላ ነገር ነበር የያዘኝ፤ ወይኑ እርጥብ ካርቶን ይሸታል፣ ካርቶን ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አልቀዳም ብዬ ጠርሙሱን ይዤ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። ሊያባርረኝ ነው ብዬ ቆሜ ስጠብቅ ባለቤቱ ቀመሰው፣ ደግሞ ቀመሰው፣ ከዚያ ወስዶ ደፋው። እውነትም ቡሹ አበላሽቶት ነበር።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲል፣ ጠርሙስ እየከፈተ ያስቀምሰኝ ጀመር። ይህን አፍንጫ ከየት አመጣኸው እያለ ይጠይቀኛል። ከየት ይመጣል፤ እናቴ ጠጅ ነጋዴ ነበረች። ጋኑን በግራዋ አጥቤ በወይራ ጢስ የማጥነው እኔ ነበርኩ። ጢሱ ካነሰ ጠጁ ሳይሰነብት ይበላሻል፤ ከበዛ ደግሞ ማሩን ይገድለውና እንጨት እንጨት ይላል። በዚህ ነገር ስንት ቀን ጆሮዬ ተቆንጥጧል።

ያን ነጭ ወይን የቀመስኩት ከእነዚህ ማክሰኞዎች በአንዱ ነው። ቀለሙ አዲስ የተወቃ ገለባ ይመስላል። አፍንጫዬን ሳስጠጋ መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭ፣ ቀጥሎ ለጋ ቅቤ፣ ቀጥሎ የተቆላ ለውዝ መጣ። እንጨቱን ፈለግኩት። አለ፣ ግን እዚህ ጋ ነው ብዬ ልይዘው አልቻልኩም። ከዚያ በፊት ያስቀመሰኝ በኦክ የቆዩ ወይኖች ከሙሽራው ቀድሞ እንደሚጨፍር ሚዜ ነበሩ፤ እንጨታቸው ይቀድማቸዋል። ባለቤቱ ምክንያቱን አስረዳኝ። ቤተሰቡ ከወይኑ ጥቂቱን ብቻ ነው አዲስ በርሜል ውስጥ የሚያስቀምጠው፤ የቀረው የሚተኛው ብዙ ዓመት ባገለገሉ አሮጌ በርሜሎች ነው፣ በኋላ ይደባለቃል። ይህን ስሰማ ሳቄ መጣ። እናቴም አዲስ ጋን አታምንም ነበር። ማዶ ለማዶ የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ይዘው መኖራቸው ያን ቀን በጣም ነው ደስ ያለኝ።

በዚህ መሃል አብሮ አደጌ ፎርት ዎርዝ አንድ ሆስፒታል ውስጥ የበሽተኛ አልጋ ይገፋ ነበር፤ መንገዱም ሥራውም መረረው። የምግብ ቤቱን ባለቤት ለምኜ እኛ ጋ አስቀጠርኩት። በማስቀጠር አላበቃሁም፤ የማውቀውን ሁሉ አስተማርኩት። ከጋርላንድ ስንነዳ መንገዱ በመኪና ሲዘጋ እጠይቀዋለሁ፤ አዲስ በርሜልና አሮጌ በርሜል በምን ይለያሉ፣ እንዲህ ያለ ነጭ ወይን ሲበዛ የቀዘቀዘ እንደሆነ ምኑ ይጠፋል፣ እያልኩ። ቶሎ ይይዛል። እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል፣ ሳቁም ሰው ያቀርባል። እንግዶች እሱን ሲወዱት የምኮራው እኔ ነበርኩ። በየሄድኩበት ቤት፣ ጎበዝ ነው እኮ፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት፣ እያልኩ አወራ ነበር። ቂል ነበርኩ።

ከዚያ አንድ ነገር ተሰማ። በግንቦት የወይኑ ቤተሰብ ትልቋ ልጅ ወደ ዳላስ ትመጣለች። ከምግብ ቤቱ ሠራተኞች አንዱ ለመስከረሙ የወይን ለቀማ ቤታቸው ይጋበዛል፤ ሦስት ሳምንት ከነሱ ጋር ይለቅማል፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ይሠራል፣ ሲመለስ የምግብ ቤቱ ወይን ኃላፊ ይሆናል። ባለቤቱ ይህን የነገረኝ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ ነው። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግኩት ነገር የለም። አሜሪካን እንኳ እንዲያ አልፈለግኳትም፤ አሜሪካ የመጣሁት ሌላ በር ስላልተከፈተልኝ ነው። ይሄኛውን ግን ማንም ሳያሳድደኝ፣ ራሴ መርጬ ነበር የፈለግኩት። ዜግነት ባገኘሁ ሰሞን ያወጣሁት ፓስፖርት አንድም ማህተም ሳያርፍበት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እያወጣሁ አገላብጠዋለሁ። ስለዚህ ጉዞ ለአብሮ አደጌ ሳላወራ የዋልኩበት ቀን አልነበረም። እሱም፣ ካንተ ሌላ ማን ሊሄድ ነው፣ ይለኝ ነበር።

ሴትዮዋ የመጣችው አንድ ሰኞ ምሳ ላይ፣ ቤቱ ለእንግዳ ዝግ በሆነበት ቀን ነው። ሐር ለብሳ፣ ሽቶ ተነክራ የምትመጣ መስሎኝ ነበር። እጇን ስጨብጥ ግን የገበሬ እጅ ነው የጨበጥኩት፤ ሻካራ ነው፣ ጥፍሯ ሥር አፈር ገብቷል። ወዲያው ወደድኳት። ሁላችንንም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጣ በራሷ እጅ ቀዳችልን፤ ከዚያ ምን አገኛችሁበት እያለች በየተራ ትጠይቅ ጀመር። ሌሎቹ የሸመደዱትን አሉ። እኔ ጋ ስትደርስ እንግሊዝኛዬ ተሳሰረብኝ፤ ቢሆንም ተናገርኩ።

“እንጨቱ ትናንት መጥቶ የሄደ እንግዳ ነው” አልኳት። “እሱ ሄዷል፤ ቤቱ ግን ሰው እንደነበረበት ያስታውቃል።”

ሴትዮዋ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። አባቷ ዕድሜ ልኩን ይህንኑ ሊያስረዳት ሲሞክር እንደኖረ፣ ግን እንዲህ አድርጎ ተናግሮት እንደማያውቅ ነገረችን። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ ያልኩትን ጻፈችው። አብሮ አደጌ በጠረጴዛው ሥር ጉልበቴን በጉልበቱ ነካ አደረገኝ፤ ጎበዝ ማለቱ ነው። ባለቤቱ ደስታውን መቻል አቅቶት ተነሣና ሁሉም በተሰበሰበበት ወደኔ ዞሮ፣ መስከረም ላይ ፈረንሳይ ትሄዳለህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

“አይ፣ እኔ ምን አውቃለሁ” አልኩት። “እሱ ይሻላል፤ እሱ ይሂድ።” አብሮ አደጌን በእጄ አሳየሁ።

ይህን ለእኩዮቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ልጆቻችን ግን ያደጉት እዚህ ነውና ለነሱ ላስረዳ። እኛ ያደግነው የቀረበልን ነገር ላይ ዘለን እንዳንወድቅ እየተመከርን ነው። መጀመሪያ ሲሰጡህ አይ ትላለህ። ሲደግሙልህ፣ ኧረ ምን አስቸገራችሁ ትላለህ። በሦስተኛው በሞቴ ሲሉህ ነው እጅህን የምትዘረጋው። ገና ሲሰጡት የተቀበለ ልጅ ስግብግብ ይባላል፤ እናቱም በሰው ፊት ታፍርበታለች። አጠገብህ ሰው ካለ ደግሞ ለሱ ታሳልፋለህ። እሱም በተራው፣ የለም፣ የሚገባውስ ለዚህ ነው ብሎ ወዳንተ ይመልሰዋል። መመለሱ ግዴታው ነው። ሰው እንዲህ እየተከባበረ ነው ሁሉም የድርሻውን ሳያፍር የሚያገኘው። እኔም የዚያን ቀን እምቢ አላልኩም፤ መቀበል መጀመሬ ነበር።

ባለቤቱ ይህን ከየት ያውቃል። አይ ስለው አይ ነው የሰማው። ፊቱ ላይ ትንሽ ቅሬታ ታየ፤ እንግዳዋ ፊት እንዳያፍር ብሎ መሰለኝ ቶሎ ወደ አብሮ አደጌ ዞረና፣ አንተስ አለው።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ደቂቃ ቅንጣት ታህል አልፈራሁም። እንዲያውም አብሮ አደጌ ወደኔ ሲመልሰው ምን ብዬ እንደምቀበል ቃላቱን በእንግሊዝኛ እያሰናዳሁ ነበር። አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ ወደ ባለቤቱ ዞሮ በደስታ እሄዳለሁ አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ለምን ያኔውኑ፣ ቆይ እንጂ፣ እኔም እፈልጋለሁ አላልክም የሚለኝ ሰው ይኖራል። ይሉኝታ ይዞት የማያውቅ ሰው ነው። አፌ ተከፍቶ ነበር፤ ግን በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሃል ገብቼ ጓደኛዬን ከወንበሩ ላስነሣው ነው? ወደ ቤት ስንመለስ እሱ ስለ መኪናው ዘይት መቀየር አወራ። እኔም ስለ ዘይቱ መለስኩለት። በነጋታው እንደተለመደው አብረን ሥራ ሄድን። መስከረም ሲደርስ ሻንጣው አርጅቶ ስለነበር የኔን ሰጠሁት፤ ኤርፖርትም ያደረስኩት እኔ ነኝ። በሰላም ግባ ብዬ ስሜው ተመለስኩ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ።

እንዴት እንደቻልኩት ልንገራችሁ። ሰበብ ፈለግኩለት። አሜሪካ አስረስቶታል አልኩ። ከፈረንጅ ጋር ውሎ ከፈረንጅ ጋር ሲያመሽ ጠባዩ ተለውጧል፤ አይ ሲባል አይ፣ አዎ ሲባል አዎ ነው የሚሰማው፤ ባለቤቱ እንደሰማኝ ነው የሰማኝ አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዘመኑን ያልተከተልኩት እኔ ነኝ አልኩ። እናቴንም በሌለችበት ወቀስኳት። ይህን ሰበብ በየቀኑ ለራሴ እየነገርኩ ነው ከሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የኖርኩት።

ከፈረንሳይ ሲመለስ ብዙ ነገር አወራልን። ምድር ቤቱ በበጋም ጃኬት እንደሚያስለብስ፣ ሽማግሌው አባት ጠዋት ጠዋት በርሜሎቹን እየዞሩ በጆሯቸው እንደሚያዳምጡ፣ ማታ ሃያ ሰው በአንድ ገበታ እንደሚበላ። ሁሉንም ጠየቅኩት፤ መጠየቄን ማቆም አልቻልኩም። ብዙም ሳይቆይ ኮት ለብሶ የወይን ኃላፊ ሆነ። አዲስ የወይን ዝርዝር ታተመ። ያ ነጭ ወይን ገጹ ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ከሥሩ፣ እንጨቱ ትናንት መጥቶ የሄደ እንግዳ ነው፣ ይላል። ገጹ ግርጌ ላይ የአብሮ አደጌ ስም አለ። እንግዶች እያነበቡ ሲያደንቁት ሳህን ይዤ በአጠገባቸው አልፋለሁ። ይህንንም ሰበብ አገኘሁለት፤ አታሚዎቹ ናቸው አልኩ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሥራውን ለቀቅኩና ኤርፖርት ሰው ማመላለስ ጀመርኩ። ቤትም ለየብቻ ሆነ። አልተጣላንም። በበዓል እንደዋወላለን፣ ስንገናኝ እንሳሳማለን።

እንዲህ ሆነን ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ ጋርላንድ ውስጥ አንድ ወዳጃችን ልጁን ክርስትና አስነሥቶ ጠራን። የሕፃኑ አያት ገና ከአዲስ አበባ መምጣታቸው ነበር፤ ወገባቸውን በነጠላ አስረው እንግዳ ያስተናግዳሉ። አብሮ አደጌ ሁለት ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ያንኑ ነጭ ወይን። የሕፃኑ አባት ከፈተው። አያትዮዋ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ይዘው ወደ አብሮ አደጌ ሄዱና፣ ያመጣኸው አንተ ነህ፣ አንተ ቅመስልን አሉት።

አይ እማማ፣ ለትልልቆቹ ይሁን አለ። እንዴት ተደርጎ፣ ያዝ እንጂ አሉት። እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ አያለሁ። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ራሱን ዘንበል አድርጎ በሌላው እጁ ወደኔ አሳየ።

“የለም እማማ” አለ። “የሚገባውስ ለሱ ነው። ያስተማረኝ እሱ ነው።”

አያትዮዋ ዞር ብለው አዩኝ፣ ፈገግ አሉልኝ፣ ግን አልለቀቁትም። በሞቴ አሉት። ያን ጊዜ ከመቀመጫው ተነሣ፣ ጎንበስ አለ፣ በሁለት እጁ ተቀበለ። እናቴ ለሁለታችን ያስተማረችንን አንዱንም አላጎደለም። የጨዋ ልጅ ብለው መረቁት።

እኔ እዚያ ምግብ ቤት ውስጥ ቃላት እያሰናዳሁ የጠበቅኩት ዓረፍተ ነገር ይሄ ነበር። ቃል በቃል። ምንም በማያሳጣው ቦታ፣ ለአንድ ብርጭቆ፣ ሳይደናቀፍ አለው። ከሁለት ዓመት በላይ ደግፌ ያቆምኩት ሰበብ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። አልረሳም። አሜሪካ ምንም አላስረሳውም። ሳህኔን ምንጣፉ ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ።

ውጭ ገና ፀሐይ ነው። መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩበት ቆሜ ቁልፌን ስፈልግ ተከትሎኝ ወጣ። ምን ሆንክ፣ አመመህ እንዴ አለኝ። የዚያን ዕለት አይ ስል ምን ማለቴ እንደነበረ ገብቶህ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። የትኛውን ዕለት አላለኝም።

“ሶ... ማለቴ፣ ኦኬ፣ አልዋሽህም፤ ገብቶኝ ነበር” አለ። “ግን እዚያ ቤት ውስጥ ከኔ ሌላ ማን ያውቃል? ማንም አያውቅብኝም ብዬ ነው።”

መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው። እውነቱን ነው፤ በዚያ ሁሉ የዳላስ ሕዝብ መሃል አይ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረኝ፣ የወሰደብኝም በዚያው ዕውቀቱ ነው። ከዚያ በኋላ ይቅርታም ጠየቀኝ መሰለኝ፤ አልሰማሁትም። እኔ የፈለግኩት ይቅርታ አልነበረም። ረስቼው ነው፣ አልገባኝም ነበር ቢለኝ ኖሮ፣ ውሸቱን መሆኑን እያወቅኩ አምኜው ዛሬም ወንድሜ ነበር።